ስለ ቦይለሩ ፍንዳታና ስለ ወንድሜ የጀርባ ፈሳሽ ምርመራ የሰጠሁት ቃል

የምስክር ቃል መቀበያ

ጉዳዩ፦ በልብስ ማጠቢያ ድርጅት ቦይለር ክፍል የደረሰ ፍንዳታና የአንድ ሠራተኛ ሞት
የምስክር ስም፦ በተለየ ቅጽ ተይዟል፤ በሥራ ቦታዋ «ጭጭ» ትባላለች
ዕድሜ፦ 48
ሥራ፦ ልብስ መተኮስና ማጠፍ
ትምህርት፦ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ማንበብና መጻፍ ትችላለች
አድራሻ፦ ከድርጅቱ ጀርባ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ከተጠርጣሪው ጋር ያላት ዝምድና፦ ታናሽ እህት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ ጠዋት፣ ፍንዳታው በደረሰ በአምስተኛው ቀን

መርማሪው የማውቀውን ብቻ እንድናገር፣ የሰማሁትን ሰማሁ ያየሁትን አየሁ ብዬ ለይቼ እንዳስመዘግብ፣ ተጠርጣሪው ወንድሜ ነው ብዬም የሚጎዳውን ነገር እንዳልደብቅ ነግረውኝ፣ በፈቃዴ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

በልብስ ማጠቢያ ድርጅቱ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ድርጅቱ ከሆቴልና ከሆስፒታል የሚመጣ አንሶላ፣ ፎጣና ጋውን አጥቦ ይመልሳል። የምንሠራበት ክፍል ረጅም ነው። መስኮቶቹ ጣሪያው ሥር ስለሆኑ ሰማይ እንጂ መንገድ አይታይባቸውም። ከግድግዳችን ማዶ ያለው ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጠን ቦይለር ክፍል ነው። እንፋሎቱን ወደ ማሽኖቹ የሚያመጣው ቧንቧ ግድግዳውን ቀዶ ከማጠፊያ ጠረጴዛችን በላይ ያልፋል። እኔ ከመቀጠሬ በፊት ጀምሮ ቦይለሩን የያዘው በዚህ መዝገብ ተጠርጣሪ የተባለው ታላቅ ወንድሜ ነው። ዕድሜው ስድሳ ሁለት ነው። ያስቀጠረኝም እሱ ነው። ቦይለሩ ደህና መሆን አለመሆኑን ከመለኪያው በፊት በጆሮው ስለሚያውቅና ራሱም እያፏጨ ስለሚሠራ ሠራተኛው «ጋሼ ፉጨት» ይለዋል። እኔን ብዙ ስለማልናገር «ጭጭ» ይሉኛል። የአንድ እናት ልጆች መሆናችንን ማን ያምናል እያሉ ይስቁብን ነበር።

ቦይለሩ አናት ላይ ሴፍቲ ቫልቭ የሚባል ነገር አለ። በውስጥ ያለው ግፊት ከልኩ ሲያልፍ በራሱ ተከፍቶ እንፋሎቱን የሚያስወጣ ነው። ዝጎ ወይም ተጣብቆ እንደሆነ ለማወቅ፣ ጠዋት ግፊቱ ከተነሳ በኋላ ሠራተኛው እጀታውን ለአፍታ ያነሳዋል። ያን ጊዜ አጭር ኃይለኛ ድምፅ ይሰማል። እኛ ማዶ ሆነን «ጋሼ አስነጠሰ» እንላለን፤ ከመካከላችን አንዷ «ይማርህ» ትላለች፤ ከዚያ ሥራ እንጀምራለን። ግፊቱ ሲበዛ እሳቱን በራሱ የሚያጠፋው ማብሪያ ማጥፊያ ከተበላሸ ቆይቷል፤ እሳቱ የሚዘጋው በእጅ ነው። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅም ይህንን ያውቃሉ።

ወንድሜ መርሳት የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። የዕረፍት ቀኑን ረስቶ በተዘጋው በር ፊት ቆሞ ዘበኛውን ሲቆጣ ተገኝቷል። መነጽሩን ቦት ጫማው ውስጥ ከትቶ፣ ሰርቃችሁኛል ብሎ ሁላችንንም ሰድቧል። የዕቃ ማመላለሻ መኪናውን ሾፌር ከዓመታት በፊት ሥራ በለቀቀ ሰው ስም ጠርቶታል። ባለቤቱ ፈርታ ሐኪም ቤት ወሰደችው። እኔም አብሬ ነበርኩ። ሐኪሟ ሰዓት እንዲስል ወረቀት ሰጡት። እሱ ክብ ሠርቶ ቁጥሮቹን ደረደረና ጫፉ ላይ ቀይ መስመር አደረገበት። የሳለው የቦይለር ግፊት መለኪያ ነበር። ሐኪሟ ወረቀቱን ትንሽ ካዩ በኋላ «ይሄ ቀልድ ነው ወይስ የምርዎን ነው?» ብለው ጠየቁት። «ሰዓትማ እርስዎም እጅ ላይ አለ፤ እኔ የማውቀውን ነው የሳልኩት» አላቸው። ሐኪሟ ሳቁ። ነገር ግን የእንቅልፍ ማጣት፣ የሐዘን ወይም የመርሳት በሽታ መሆኑን በንግግር ብቻ ለመለየት ስለማይቻል ከጀርባ አጥንቱ መሃል ፈሳሽ በመርፌ ተቀድቶ እንዲመረመር አዘዙ። ይህ ምርመራ በዚያ ሆስፒታል ስለማይሠራ ናሙናውን ከከተማው ማዶ ወዳለ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው ቤተሰብ ነው።

ፈሳሹ የተቀዳለት ቀን እኔ ነበርኩ አብሬው የሄድኩት። ተቀድቶ ሲያበቃ ራስ ምታት እንዳይይዘው በጀርባው እንዲተኛ ታዘዘ። ነርሷ ክዳኑ የሚጠመዘዝ ትንሽ የላስቲክ ቱቦ በበረዶ ሳጥን ውስጥ አድርጋ ሰጠችኝ፤ እንዳልከፍተውም ነገረችኝ። ወንድሜ እንደተኛ ቱቦውን አሳዪኝ አለኝ። አየውና ፊቱን አጨፈገገ። ከዚያ ከኮቱ ኪስ ወፍራም ጠርሙስ አወጣ። ይህ ጠርሙስ የቦይለሩን ውሃ ጥራት ለማስመርመር ናሙና የሚቀዳበት ነው። በዚያን ቀን ጠዋት በእንፋሎት አጥቦ፣ በንጹህ ፎጣ ጠቅልሎ ይዞት መጥቷል። እኔ ግን ይዞ መምጣቱን አላውቅም ነበር።

«ወደዚህ ገልብጪው» አለኝ።

ነርሷ አትክፈቺ ብላለች አልኩት።

«ነርሷ ስንት ዘመኗ ነው? እኔ እሷ ሳትወለድ ናሙና እቀዳ ነበር። ላስቲክ ጠባዩ አይታወቅም። የራሱን ነገር ይሰጣል፣ የሌላውን ይወስዳል። ጠርሙስ ግን ንጹህ ነው።»

በቤታችን ስለ ዕቃ ንጽህና እሱን የሚከራከር የለም። ገለበጥኩት። ላቦራቶሪ ስደርስ ናሙና የምትቀበለው ሴት ጠርሙሱን አይታ ራሷን ነቀነቀች። የዕድሜውን ቁጥር ከወረቀቱ ላይ አነበበችና «እንግዲህ ሽማግሌውን ሁለተኛ እናስወጋው?» ብላ ለራሷ ተናገረች። ከዚያም ፈሳሹን ወደ ራሳቸው ቱቦ ገልብጣ ጠርሙሱን መለሰችልኝ። ሌላ የጠየቀችኝ ነገር አልነበረም። እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ውጤቱ ሲመጣ እኔ፣ ወንድሜና ባለቤቱ ሐኪሟ ፊት ተቀመጥን። ሐኪሟ ምርመራው ወደ መርሳት በሽታ እንደሚያመለክት፣ ሆኖም በዚህ ብቻ እንደማይወስኑና ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና እንደሚያዩት ነገሩን። ባለቤቱ የመጀመሪያውን ስትሰማ ማልቀስ ስለጀመረች የኋለኛውን የሰማችው አይመስለኝም። ወንድሜ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይሄ በሽታ ጆሮም ይወስዳል?» አለ። ሐኪሟ ጆሮ እንደማይነካ ነገሩት። «እንግዲያው ሥራዬን እችላለሁ» ብሎ ተነሳ።

ባለቤቱ ቀለል ያለ ሥራ እንዲሰጡት ብላ ውጤቱን ወስዳ ለሥራ አስኪያጁ አሳየች። በክፋት አይደለም። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ኮፒ አድርገው ያዙት። በማግስቱ ወንድሜን ከቦይለር ክፍል አንስተው ከእኛ ጋር አንሶላ እንዲያጥፍ አደረጉት። ቦይለሩ ለሾፌሩ ተሰጠ። ሾፌሩ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሳቂታና ማንንም የማያስቀይም ሰው ነበር። ቦይለር ግን ነክቶ አያውቅም። ወንድሜ ሥራውን ሲያስረክበው አየሁ። ቫልቩን በየጠዋቱ እንዲያስነጥስ፣ እምቢ ካለውም እሳቱን ዘግቶ ወዲያውኑ እንዲናገር ደጋግሞ ነገረው።

ወንድሜ አንሶላ ሲያጥፍ ማየት ከባድ ነበር። ጫፍና ጫፉን እንደ ብረት ገጥሞ ስለሚያጥፍ ማንም አይደርስበትም፤ ግን ማፏጨቱን ትቶ ነበር። ሾፌሩ ጠዋት ጠዋት በበሩ ብቅ ብሎ «ጋሼ ፉጨት፣ እኔ ማን ነኝ?» ይለዋል።

«አንተማ መኪናችንን ከግንብ ጋር የምታስተዋውቀው ሾፌር ነህ።»

«ተመስገን፣ ዛሬ ደህና ነው!» ብሎ ይሄዳል። ሁላችንም እንስቃለን። ወንድሜም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይስቅ ነበር። በኋላ ግን ጨዋታው ሌላ መልክ ያዘ። በምሳ ሰዓት ጨው የት ነው ብሎ ቢጠይቅ ሴቶቹ ይተያያሉ። ትንሽ ዝም ካለም ይተያያሉ። አንድ ጊዜ አንሶላ ቆጥሮ ጎደለ ቢል፣ ሌላ ሰው እንደገና ቆጠረውና እውነትም ጎድሎ ተገኘ። «ያጋጥማል» አሉ እንጂ ልክ ነበርክ ያለው ሰው የለም።

ፍንዳታው ከመድረሱ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ጠዋት ወንድሜ የያዘውን አንሶላ እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመ። «አላስነጠሰም» አለኝ። እኔም ሳዳምጥ እውነትም ድምፁ አልተሰማም ነበር። ሾፌሩን ሄዶ ሲጠይቀው እጀታው እንደጠጠረበትና ለሥራ አስኪያጁ እንደነገራቸው መለሰለት። ይህንን በራሴ ጆሮ ሰምቻለሁ። ወንድሜ ወደ ቢሮ ሄደ፤ እኔም የታጠፈ ፎጣ ይዤ በዚያው በኩል አልፍ ስለነበር የተነጋገሩትን ሰማሁ። ሥራ አስኪያጁ የተጣደፈ የሆቴል ሥራ እንዳለና እሱ ሲያልቅ ጥገና እንደሚጠሩ ነገሩት። በማግስቱ ጠዋትም ቫልቩ ዝም አለ። ወንድሜ እንደገና ሄደ።

«ጋሼ፣ ይህንን እኮ ትናንት ነግረውኛል» አሉት ሥራ አስኪያጁ፣ ለሕፃን በሚነገር ድምፅ።

«አውቃለሁ። ትናንት ስላልሰማኸኝ ነው ዛሬ የምደግምልህ።»

ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊዋን ዓይኗን አይተው ፈገግ አሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናትም ወንድሜ ይህንኑ ሄዶ ተናግሯል። በተናገረ ቁጥር የሚባለው አንድ ነው፤ ያለውን ረስቶ ይደግማል። አንድ ቀን ባለመሄዱ ደግሞ «ይኸው ዛሬ ጭራሹን ረሳው» ተባለ። እኔ ቫልቩ አለማስነጠሱን እያወቅሁ ከእሱ ጋር ቆሜ ልክ ነው አላልኩም። ይህም ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ከላቦራቶሪው ተደወለልኝ። የደወሉት የላቦራቶሪ ባለሙያው ናቸው። ናሙናውን ያመጣሁት እኔ መሆኔን ካረጋገጡ በኋላ በምን እንዳመጣሁት ጠየቁኝ። በበረዶ ሳጥን አልኳቸው። «በረዶውን ይተዉት፤ ፈሳሹ በምን ውስጥ ነበር?» አሉ። በጠርሙስ አልኳቸው። ከዚያ «ዛሬውኑ መምጣት ይችላሉ?» አሉኝ። ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ።

ያስገቡኝ ክፍል ብርድ አለው፤ ማሽኖቹ ያለማቋረጥ ያጉረመርማሉ። ባለሙያው አንድ የላስቲክና አንድ የጠርሙስ ቱቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በዝግታ አስረዱኝ። የገባኝን ያህል ነው የምናገረው። በፈሳሹ ውስጥ የሚፈልጉት አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን ነው። እጅግ ጥቂት ስለሆነ በሌላ መሣሪያ አይገኝም። የእሳቸው ማሽን ግን በአንድ ቦቴ ውሃ ውስጥ አንዲት የሳሙና ቅንጣት ብትገባ የሚያውቅ ዓይነት ነው። ሰው የመርሳት በሽታ ሲይዘው ይህ ፕሮቲን አንጎል ውስጥ ስለሚጠራቀም ከፈሳሹ ውስጥ ይቀንሳል። ስለዚህ መቀነሱ ነው ክፉው ምልክት። ሆኖም ይኸው ፕሮቲን ጠርሙስ ላይ ይጣበቃል። ተጣብቆ ሲቀርም ፈሳሹ ውስጥ ያንሳል።

«ማሽኑ የጎደለውን ይነግረኛል። የት እንደሄደ ግን አያውቅም» አሉኝ።

የሸሚዝ አንገት ላይ እንደሚይዝ ቅባት ነው? ብዬ ጠየቅኋቸው። «እንደዚያው ነው። ለዓይን አይታይ እንጂ» አሉ።

ነገሩ የከነከናቸው የቆዩ ውጤቶችን ሲከልሱ ነው። ታው የሚባል ሌላ ፕሮቲን አለ፤ በዚህ በሽታ የአንጎል ሕዋስ ሲጎዳ በፈሳሹ ውስጥ ይበዛል። የወንድሜ ግን አልበዛም ነበር። አንደኛው ታሟል ሲል ሌላኛው ደህና ነው ስላለባቸው ናሙናው እንዴት እንደመጣ ለማጣራት ተነሱ። ናሙና የምትቀበለዋ ሴት በጠርሙስ የመጣ እንዳትቀበል የሚል ማስታወቂያ በራሷ መቀበያ መስኮት ላይ ተለጥፎ ሳለ ለሽማግሌው አዝና መቀበሏን አመነችላቸው። ጠርሙሱ የማን እንደሆነ፣ እንዴት እንደታጠበ ስነግራቸው ባለሙያው ግንባራቸውን ያዙ። «ወንድምዎ ንጹህ ሰው ናቸው። የጎዳቸው ንጽህናቸው ነው» አሉ።

ታዲያ ወንድሜ ደህና ነው ማለት ነው? አልኳቸው።

«እንደዚያ አላልኩም፤ እንዳልዋሽዎት። በሽተኛ ናቸው ያለው ወረቀት አይታመንም ነው የምልዎት። እንደገና ይቀዳና በላስቲኩ ይምጣልኝ» አሉኝ። እዚያው እኔ ፊት ለሐኪሟ ስልክ ደውለው ይህንኑ ነገሯቸው። ይህንን ቀርበው ለመመስከር ፈቃደኛ መሆናቸውንም ነግረውኛል።

ከላቦራቶሪ የወጣሁት ሥራ ከተዘጋ በኋላ ስለነበር በቀጥታ ወደ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ የጋዝ ምድጃውን መክፈቻ ነቅላ በሽርጧ ኪስ ይዛ አገኘኋት፤ ከውጤቱ ወዲህ ልማዷ ሆኗል። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና «ጠርሙሴ ጠጣው በይኛ!» ብሎ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ባለቤቱ ግን ተቆጣችኝ። «አንቺ ደግሞ የሌለ ተስፋ አትስጪው። እኛ አልቅሰን ጨርሰናል» አለች።

«እናንተ ጨርሳችኋል። እኔ መች ጀመርኩና» አላት ወንድሜ። ቀጥሎም ወደ እኔ ዞሮ፣ ነገ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም ነገር እንደሚነግራቸው፣ አስቀድሞ ግን የቫልቩን እንደሚናገር ገለጸልኝ። ይህንን ሲናገር ድምፁም ሐሳቡም የደህና ጊዜው ነበር።

እነሱ ቤት ስላደርኩ ሐሙስ ጠዋት ከእሱ ጋር አብረን ገባን። ሰዓቱ አንድ ተኩል አካባቢ ነው። ሥራ አስኪያጁ ገና አልመጡም ነበር። ቦይለሩ ተነስቶ ነበር፤ ቧንቧው ይጮኻል። ወንድሜ ደጃፉ ላይ ቆሞ ካዳመጠ በኋላ ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ ድምፅ የልኩ አይደለም» ብሎ ወደ ቦይለር ክፍሉ ገባ። እኔም እስከ በሩ ተከተልኩት፤ በሩ ክፍት ስለነበር ውስጡን አይቻለሁ። ወንድሜ ከበሩ ጥቂት እርምጃ አልፎ ቆሞ በጣቱ መለኪያውን እያሳየ ሾፌሩን እሳቱን ዝጋ ይለዋል። ወደ ቦይለሩ አልተጠጋም። ቫልቩም ላይ አልወጣም። ቫልቩ ያለ መሰላል አይደረስም፤ መሰላሉ ደግሞ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ሾፌሩ እየሳቀ ክንዱን ያዘው። «ና ጋሼ፣ ና፣ ሻይ ልጋብዝህ።»

«ሻይህን ያዘው! እሳቱን ዝጋና አብረን እንጠጣለን።»

«ትናንትም ይችኑ ብለኸኛል እኮ።»

«ነገም እልሃለሁ፤ ነገ ካለህ።»

ሾፌሩ በዚህ ቃል ትንሽ ደንገጥ ያለ መሰለኝ። ግን ወንድሜን በቀስታ መርቶ አወጣው። እንዲገባ ከፈቀደለት ሥራ አስኪያጁ ከሥራ እንደሚያባርሩት እያስረዳው፣ ይቅርታ እየጠየቀው፣ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። አልገፈተረውም፤ አልተጣሉም። ሌሎች ምስክሮች ጠብ ነበር ብለው ከሆነ ጠብ አልነበረም።

ወንድሜ ወደ ማጠፊያው ክፍል ሮጦ ከመተኮሻ ማሽኑ ሥር የብሎን መፍቻ አነሳ። ከጠረጴዛችን በላይ የሚያልፈውን ቧንቧ መምታት ጀመረ። ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ። ጓደኞቼ እንዳበደ ሰው ብረት ይደበድብ ነበር ብለው ቃል መስጠታቸውን መርማሪው ነግረውኛል። አልዋሹም፤ የመሰላቸውን ነው የተናገሩት። እኔ ግን በዚያ ቤት ስለቆየሁ አውቀዋለሁ። በቦይለር ክፍል ውስጥ ጩኸቱ ስለሚበዛ የሰው ድምፅ አይሰማም። በድሮ ጊዜ ወንድሜና የቀድሞ ረዳቱ የሚነጋገሩት በቧንቧው ነበር። አንድ ጊዜ መምታት ውሃ ጨምር ነው። ሁለት ጊዜ ና ማለት ነው። ሦስት ጊዜ እሳት ዝጋ ነው። ሾፌሩ ይህንን ቋንቋ የሚያስተምረው አላገኘም። ወንድሜ ያን ዕለት ይነግረው የነበረው በአፉ ሲነግረው የሰነበተውን ነው።

በዚህ መካከል ሥራ አስኪያጁ ደረሱ። ዘበኛውን ጠርተው ወንድሜን ከኋላ አስያዙት፤ መፍቻውን ተቀበሉት። እኔ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሜ እሳቱን ያስዘጉ፣ ወንድሜ ልክ ነው አልኳቸው። «አንቺም ጀመረሽ?» አሉኝ። ሌላ ነገር ሳይናገሩ ፍንዳታው ሆነ።

ድምፁን መግለጽ አልችልም። ግድግዳው ወደ እኛ መጣ። ነጭ እንፋሎት ሞልቶ ማንም ማንንም አያይም። እኔ የወደቅሁት አንሶላ ክምር ላይ ስለሆነ ብዙ አልተጎዳሁም። ስነሳ ወንድሜ የቦይለር ክፍሉን የብረት በር በሁለት እጁ ይዞ ሲጎትት አየሁት። በሩ ከእንፋሎቱ የተነሳ የጋለ ነበር፤ ከውስጥ የተቆለፈበት ብረት በፍንዳታው ተነቅሏል። የሾፌሩን ስም እየጠራ ይጎትታል። ስሙን አልሳተም፤ የሾፌሩን ትክክለኛ ስም ነው የጠራው። ሁለቱም እጆቹ የተቃጠሉት በዚያን ጊዜ ነው። ሥራ አስኪያጁ ፍንዳታው የመጣው ወንድሜ ጠዋት ገብቶ ቫልቩን ስለነካካ ነው፣ እጁም የተቃጠለው ያኔ ነው ማለታቸውን ከመርማሪው ሰምቻለሁ። ይህ ሐሰት ነው። ከቤቱ ጀምሮ አብሬው ነበርኩ። ከፍንዳታው በፊት እጆቹ ደህና ነበሩ፤ ዘበኛውም እነዚያኑ እጆች ነው ጠምዝዞ የያዘው። በሩን ጎትቶ የከፈተውና ሾፌሩን ያወጣው ወንድሜ ነው። ሾፌሩ ሆስፒታል ሳይደርስ በመንገድ ላይ አርፏል።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ በሆስፒታል በጥበቃ ሥር ተኝቶ ይገኛል። ለምን የእሱ ቃል እንዳልተወሰደ መርማሪውን ጠየቅኋቸው። አእምሮው የሚታመን አይደለም የሚል ማስረጃ ከመዝገቡ ጋር እንደተያያዘ ነግረው አሳዩኝ። ያሳዩኝ ሥራ አስኪያጁ ኮፒ ያደረጉትን የላቦራቶሪ ውጤት ነው። እኔ ከጋዜጣ ቁራጭና ከዕቃ መጠቅለያ ላይ ፊደል የለቀምኩ ሰው ነኝ፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ አልረዳም። ቁጥሩ የመጣው ጠርሙሱ ፕሮቲኑን ካስቀረበት ፈሳሽ ላይ መሆኑን ግን አውቃለሁ። ሰኞ ዕለት ሐኪሟ በተኛበት እንደገና ቀድተውለታል። ባለሙያው ራሳቸው መጥተው በላስቲክ ቱቦ ተቀብለው ሄደዋል። ውጤቱ እስካሁን አልደረሰም።

መርማሪው በሆስፒታል ከወንድሜ ጋር ስነጋገር የመርሳት ምልክት አይቼበት እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ፣ አይቻለሁ። በገባሁ ቁጥር የሚጠይቀኝ «ሾፌሩ ወጣ?» ብሎ ነው። ወጥቷል፣ ግን አልተረፈም እለዋለሁ። በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቹን እያየ ያለቅሳል። ጥቂት ቆይቶ እንደገና «ሾፌሩ ወጣ?» ይለኛል። እንደገና እነግረዋለሁ፤ እንደ አዲስ ያለቅሳል። ትናንት ደጋግሞ ጠየቀኝ። ይህ ከበሽታው ይሁን ከሐዘኑ እኔ አላውቅም፤ ሐኪሟም ገና አላወቁም። ይህ ለወንድሜ እንደማይበጅ እየገባኝ ያስመዘገብኩት፣ ሌላው ቃሌ እንዲታመንልኝ ስለምፈልግ ነው።

የሚመጣው ውጤት ደህና ነው ሊል ይችላል፤ ታሟል ሊልም ይችላል። ታሟል ቢል ከዚህ በላይ የተናገርኩት እንዳይሰረዝ እጠይቃለሁ። ቢታመምም ያን ሳምንት ቫልቩ ተጣብቆ ነበር፤ ቢታመምም ከሁላችን ተለይቶ ደጋግሞ የተናገረው እሱ ነው። ቃሉን ሄዳችሁ ተቀበሉት። ጆሮው ደህና ነው፤ በቀስታ ከጠየቃችሁት ቅደም ተከተሉን ይነግራችኋል። ከደገመባችሁም ሁለተኛውንም ጻፉት።

ከዚህ ሌላ የምጨምረው የለኝም። የተጻፈውን መርማሪው አንብበውልኛል፤ እኔም ራሴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። በሁለት ቦታ «የአእምሮ በሽተኛው ወንድሜ» ተብሎ ተጽፎ ስላገኘሁት እንዲታረም ጠይቄ «ወንድሜ» ተብሎ ታርሟል። የቀረው እኔ እንደተናገርኩት መሆኑን፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የሰጠሁት እውነተኛ ቃሌ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ሲነበብ የነበረ ታዛቢ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)